ወንድ ከወንድ ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳም፦ ስንት ጊዜ፣ ከየት በኩል፣ ማን ይጀምራል?

#1 · መንገደኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድ ከወንድ ጉንጭ ለጉንጭ ስለሚሳሳምበት ሰላምታ ነው ጥያቄዬ። ተጽፎ የሚገኘው ነገር ወይ «ባህላችን ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ «ሦስት ጊዜ ነው» ብሎ እዚያው ያቆማል። የሚያስቸግረው ዝርዝሩ ነው። የትኛው ጉንጭ ይቀድማል? ሁለት ላይ ይቆማል ወይስ ሦስተኛ አለ? ታላቅና ታናሽ ሲገናኙ ማን ይጀምራል? ከንፈር ይነካል ወይስ ጉንጭ ብቻ? ከአገር ውጭስ፣ ዓረብ አገር፣ ቱርክ፣ ፈረንሳይ፣ አርጀንቲና ምኑ ይለያል? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉ። «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል መልስ አልቀበልም።

#2 · አናጢው
ከአካል እንቅስቃሴው ልጀምር። አፍንጫ ለአፍንጫ የሚያጋጨው ባህል አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የአቅጣጫ መደናገር ነው።

«በቀኝ ነው» ሲባል አንዱ ቀኝ ጉንጩን መስጠት እንደሆነ ይረዳል፣ ሌላው ፊቱን ወደ ቀኝ ማሳለፍ እንደሆነ ይረዳል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ቀኝ ጉንጭ ከቀኝ ጉንጭ እንዲገናኝ ሁለቱም ሰዎች ጭንቅላታቸውን ወደ ገዛ ግራቸው ማሳለፍ አለባቸው። አንዱ ወደ ግራው፣ ሌላው ወደ ቀኙ ከሄደ ግን ሁለቱም ፊቶች አንድ መስመር ላይ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ አፍንጫ ነው፣ ሲብስም ከንፈር።

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ቀኝ ጉንጭ የሚቀድመው እጅ ስለሚቀድም ነው። ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ተጨባብጦ ትንሽ ሲሳሳቡ የሁለቱም ቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ይወጣል፤ ትከሻው ሲቀራረብ ጉንጩ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የሚደናገር ሰው ጉንጩን ማሰብ ይተውና እጁን ይከተል። የተጨበጠው እጅ በሚስበው በኩል ከሄደ አይሳሳትም።

ርቀቱም የራሱ ልክ አለው። በተዘረጋ እጅ ርቀት ይጨባበጣሉ፣ ከዚያ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት። እርምጃውን ሳይራመዱ በወገብ ብቻ የሚያጎነብሱ ሰዎች ቂጣቸው ወደ ኋላ ቀርቶ አንገታቸው ብቻ ይደርሳል፤ ግንባር ከግንባር የሚጋጨው ያኔ ነው። እያንዳንዱ ንክኪ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው፣ ሦስቱም ተደምሮ ሦስት አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሲፈጥን የግዴታ ይመስላል፣ ሲዘገይ ደግሞ ሁለተኛው ሰው የት ላይ እንዳለ ይጠፋበታል።

ከንፈርን በተመለከተ፦ በአብዛኛው የሚነካው የጉንጭ አጥንት ነው። ከንፈር አየር ላይ ቀለል ያለ ድምፅ ያሰማል ወይም ዝም ይላል። ከንፈርን አዙሮ ጉንጭ ላይ ማሳረፍ ታላቅ ለታናሽ፣ አባት ለልጅ የሚያደርገው ነው። እኩዮች ሲያደርጉት ወይ ብዙ ዘመን ተለያይተው ነበር፣ ወይ በጣም ይዋደዳሉ።

#3 · ቀጭን መስመር
@አናጢው በሳይንስም ሰው ሲሳሳም ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል ተረጋግጧል እኮ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኦኑር ጉንቱርኩን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት ከ124 ጥንዶች 80ዎቹ ወደ ቀኝ አዘንብለው ነው የተሳሳሙት። ወደ ግራ የሄዱት 44 ናቸው።

#4 · አናጢው
@ቀጭን መስመር ቁጥሩ ልክ ነው፤ የተለካው ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚያ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በቱርክ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በባቡር ጣቢያ፣ በባሕር ዳርቻና በመናፈሻ የታዩ፣ ከንፈር ለከንፈር የሚሳሳሙ ጥንዶች ናቸው። የተቆጠረውም የጭንቅላት ማዘንበል ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ሰላምታ ላይ ጭንቅላት ከማዘንበል ይልቅ ወደ ጎን ያልፋል፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ ደግሞ አገርና ሰፈር ይወስነዋል። በፈረንሳይ ብቻ እንኳ ከከተማ ከተማ የሚቀድመው ጉንጭ ይለያያል። ስለዚህ ጥናቱን ይዞ አገር ለአገር የሚሄድ ሰው አፍንጫውን ያተርፋል ማለት አይቻልም።

#5 · የጎረቤት ልጅ
ቁጥሩን እኔ ልመልስ። ሦስት የተለመደ ነው፣ ሕግ ግን አይደለም። በየቀኑ የሚገናኙ ሰዎች ቢሳሳሙም አንድ ወይም ሁለት ይበቃቸዋል፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም መጨባበጥ ብቻ ነው። በሳምንትና በወር የሚገናኙ ሦስት ያደርጉታል፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ዓመት ሁለት ዓመት ተለያይተው የተገናኙ ቁጥር አይቆጥሩም። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆቹ? እናትህ እንዴት ናቸው?» እያሉ፣ በየጥያቄው አንድ አንድ ጉንጭ ሲለዋወጡ አራትም አምስትም ይደርሳል። ጥያቄው ሲያልቅ ስሞሹም ያልቃል።

ማለቁን የሚነግረው ግን እጅ ነው። የተጨበጠው እጅ እስኪለቀቅ ድረስ አላለቀም። ሁለት ላይ ማቆም የፈለገ ሰው እጁን ያላላና ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። እጁን አጥብቆ ይዞ ፊቱን ብቻ የሚመልስ ሰው ግን ሌላውን ያሳስታል፤ ያኛው ለሦስተኛው ሲመጣ ይኼኛው ቀና ብሏል። ሰዎች «አየር ሳምኩ» የሚሉት ይህን ነው።

#6 · መንገደኛ
@የጎረቤት ልጅ ይህ የእጅ ነገር ብዙ አብራራልኝ። ታላቅና ታናሽ ላይስ?

#7 · የጎረቤት ልጅ
ታናሽ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ታላቅ ይጀምራል። ታናሽ ቀርቦ ጎንበስ ይላል፣ ቀኝ እጁን ይሰጣል፣ በግራ እጁ የገዛ ቀኝ ክንዱን ከክርኑ አለፍ ብሎ ይደግፋል። እዚያ ላይ ቆም ማለት አለበት። ታላቁ ሳብ ካደረገው ጉንጭ አለ። ሳብ ካላደረገው መጨባበጡ ይበቃል፤ አንገት እያሰገጉ ጉንጭ መፈለግ ነውር ነው። የተቀመጡ አዛውንት ከሆኑ ታናሹ ወደ እሳቸው ይወርዳል እንጂ እሳቸውን አያስነሣም። ለመነሣት ከሞከሩም «ኧረ በእግዜር! አይነሡ» ይባላል።

ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ሲኖር ከትልቁ ይጀመራል፤ ማንንም መዝለል አይቻልም። አንዱን ስሞ ሌላውን በእጅ ብቻ ማለፍ ያስቀይማል። የማይስሙት ሰው ካለ ሁሉንም በእጅ ሰላም ማለት ይሻላል። ሰው ከአሥራ አምስት ሃያ ከበለጠ በር ላይ ቆሞ፣ እጅ ነሥቶ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ በጅምላ መጨረስ ነው። ገበታ ላይ ያሉ ሰዎችን ደግሞ ዞሮ መሳም አይገባም። እየበሉ ያሉት የእጃቸውን አንጓ ይሰጣሉ፣ አንጓው ይጨበጣል፣ አለቀ።

#8 · ቆሎ ተማሪ
ጉልበት መሳም ሳይነሣ እንዳያልፍ። የጉንጭ ሰላምታ ወላጅ ነው ማለት ባይቻልም ቤተሰብ ነው። በሠርግ ሙሽሮች የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ፤ በዓመት በዓልም ልጆች ለአያትና ለወላጅ ያደርጉታል። አደራረጉ፦ ታናሹ ወደ ጉልበት ሲወርድ ታላቁ ትከሻውን ይዞ «ተው፣ ተው ልጄ» እያለ ያነሣዋል። ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። «ተው» ሲባሉ ወዲያው ቀጥ ይላሉ። «ተው» ማለቱ የሥርዓቱ ክፍል ነው፤ ቢያንስ ግማሽ መንገድ መውረድ፣ ከቻሉም ጉልበቱን መንካት ያስፈልጋል። ከዚያ ታላቁ ያነሣና ይመርቃል፣ ምርቃቱ ሲያልቅ ጉንጭ ወይም ግንባር ይስማል። በምርቃት መሀል ቀና ብሎ ጉንጭ ማቅረብ ምርቃትን መቁረጥ ነው። «አሜን» እየተባለ ይጠበቃል።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተለዋወጡ ማለቱ ነው። መሠረቱ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ምዕራፍ 16 ቁጥር 16 ላይ ያዘዘው የተቀደሰ አሳሳም ነው፤ በቆሮንቶስ ሁለቱ መልእክቶችም፣ በ1ኛ ተሰሎንቄም፣ በጴጥሮስ አንደኛ መልእክት መጨረሻም አለ። በጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ብቻ እንዲሳሳሙ ታዝዟል። ዛሬ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዚህ ሰዓት ግራና ቀኝ ላለው ሰው እጅ ይነሣሉ።

ስሞሹ ድምፅ ይኑረው አይኑረው የሚለው ክርክርም አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቁ ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ቤተ ክርስቲያኑን በስሞሽ ድምፅ የሚያስተጋቡ ሰዎችን ወቅሷል።

#9 · ሰሙን
@ቆሎ ተማሪ የሕማማቱን ረሳኸው። ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ ዋናው ማወቅ ያለበት እሱ ነው። ከሰሞነ ሕማማት ሰኞ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ የኦርቶዶክስ ምእመን ጉንጭ አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም፣ መስቀልም አይሳለምም።

#10 · ቆሎ ተማሪ
ልክ ነህ። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ስለ ሰጠ ስሞሹ በዚያ ሳምንት ይቆማል። ሳምንቱ ደግሞ ከድኅነት በፊት የነበረውን የ5500 ዘመን ፍዳ ያስታውሳል፤ የሰላምታው መቅረት የዚያ ዘመን ምልክት ነው። እጅ የዘረጋ ሰው እጁ ባዶ ቢቀር አልተናቀም፤ ያኛው ጎንበስ ብሎ በቃል ሰላም ይለዋል። ትንሣኤ ሲነጋ ግን የሳምንቱ ዕዳ በሙሉ በአንድ ቀን ይከፈላል።

በቋንቋም ቢሆን መሳም ከከንፈር ሥራ በላይ ነው። ግሱ ከግእዙ «ሰዐመ» የመጣ ነው፤ «ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ» የሚል ሰው ደጁን ተሳልሞ መጣ ማለት ነው። ሲሰነባበቱም «ልጆቹን ሳምልኝ» ይባላል፤ ስሞሽ በሰው እጅ ይላካል።

#11 · ደሴ ዳር
ሁሉም ጉንጭ የሚል አይምሰላችሁ። በወሎም በሐረርም ሙስሊሞች ዘንድ ሁለት ሰዎች ተጨባብጠው አንዱ የሌላውን እጅ ይስማል። የተያያዘው እጅ ወደ አንዱ አፍ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ወደ ሌላው አፍ ይወጣል። በአፋርም እጅ መሳሳም አለ። ለማያውቅ ሰው ግራ የሚያጋባው እጁ ወደ ላይ ሲሳብበት ነው። ጉንጭ ሊሰጠው የመሰለው ሰው አንገቱን ያስገጋና ግንባሩን በጣቶቹ መገጣጠሚያ ይመታል። እጅ ወደ ላይ ከተሳበ እጅ ነው፣ ወደ ጎን ከተሳበ ጉንጭ ነው። በሃይማኖቱ በኩል ሲገናኙ መጨባበጥ፣ ከመንገድ ለተመለሰ ሰው ደግሞ መተቃቀፍ የሚሻል መሆኑን የሚያስተምሩ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ጉንጩን የማይሰጥ ሰው ሲገጥማችሁ ኮርቶ ነው አትበሉ።

#12 · ቀጭን መስመር
የትከሻውስ? ጉንጭ ሳይነካ ትከሻ ለትከሻ የሚገጨው?

#13 · አናጢው
እሱ ራሱን የቻለ ሰላምታ ነው፤ በሰሜኑና በኤርትራ ይበዛል፣ ሰዉም ከታጋዮች ጋር ያያይዘዋል። ከተማም ገብቷል። ቀኝ እጅ ተጨባብጦ የቀኝ ትከሻው ፊት ለፊት ያለው ሥጋ ይገናኛል። በጎኑ፣ ማለትም በአጥንቱ ጫፍ ከተገናኘ ያማል። አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁሉም በዚያው በቀኝ በኩል፣ ጎን ሳይቀየር። ከጉንጭ የሚለየው ዋና ነገር ይኼ ነው፤ ጉንጭ ይለዋወጣል፣ ትከሻ ግን አይለዋወጥም። አንዱ ትከሻ ሌላው ጉንጭ አስቦ ሲመጣ ትከሻ አገጭ ላይ ያርፋል። መለያው ክርን ነው፤ ክርኑን አጥፎ እጁን ወደ ደረቱ ያስጠጋ ሰው ትከሻ ነው የፈለገው። ለአዛውንት ትከሻ አይሰጥም።

#14 · የሻንጣ ጌታ
ወደ ውጭ አገር ልውሰዳችሁ፤ መንገደኛ የጠየቀውን በየተራ።

አርጀንቲና ከሁሉም ቀላሉ ነው። አንድ ብቻ፣ ቀኝ ጉንጭ ለቀኝ ጉንጭ፣ ወንድ ለወንድም ቢሆን። ወዳጅ ለወዳጅ፣ የወዳጅ ወዳጅም ቢሆን እንዲሁ። ለሥራ የመጀመሪያ ቀን ግን መጨባበጥ ነው። ኡሩጓይም ተመሳሳይ ነው። የአርጀንቲናን ልምድ ይዞ አንዲስን ተሻግሮ ቺሊ የሚገባ ሰው ግን ይሳሳታል፤ እዚያ ወንዶች ከቤተሰብ ውጭ ይጨባበጣሉ፣ ሲቀራረቡም ይተቃቀፋሉ እንጂ ጉንጭ አይሳሳሙም። ብራዚልም እንደዚያው።

ፈረንሳይ ላይ ሰው የሚያስበው ሁሉም ሁሉን እንደሚስም ነው። ወንድ ለወንድ ግን በአብዛኛው መጨባበጥ ነው፤ ጉንጩ ለቤተሰብና ለቅርብ ጓደኛ ነው፣ ወደ ደቡብ ሲወረድ ይበዛል። ቁጥሩ ብዙ ቦታ ሁለት ነው፤ በምዕራብ ጫፍ በፊኒስቴር አንድ የሚበቃበት አለ፣ በሞንፔልዬ ዙሪያ ሦስት ነው፣ አራት የሚያደርጉም አካባቢዎች አሉ። ፈረንሳዮች ራሳቸው ስለሚደናገሩ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ሰው በየአውራጃው ስንት እንደሆነ ድምፅ የሚሰጥበት ካርታ በድረ ገጽ አለ። ቤልጂየም ውስጥ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አንድ ነው፤ ወንድ ጓደኛሞችም ያደርጉታል። ኔዘርላንድስ ሦስት የታወቀ ነው፤ ወንድ ከወንድ ግን መጨባበጥ።

ሰርቢያ ሦስት ነው፤ ወንድ ከወንድም፣ በተለይ በበዓልና በደስታ ቀን። ሩስያ ውስጥ የሦስቱ ስሞሽ ቦታው ፋሲካ ነው፦ አንዱ «ክርስቶስ ተነሥቷል» ይላል፣ ሌላው «በእውነት ተነሥቷል» ይመልሳል፣ ጉንጭ ሦስት ጊዜ።

ቱርክ ወንዶች ሁለት ጉንጭ ይሳሳማሉ። አንዳንዶች ግን፣ በተለይ ብሔርተኞቹ፣ ጉንጭ ሳይሆን የግንባራቸውን ጎን ነው የሚያነካኩት። ለታላቅ ሰው በበዓል ቀን እጅ ይሳማል፤ የተሳመው እጅ ወደ ሳሚው ግንባር ይወሰዳል። ስሞ መልቀቅ ጎደሎ ነው።

ሊባኖስ ሦስት፣ ግብፅ ብዙ ጊዜ ሁለት። ሱዳን ደግሞ ከጉንጭ በፊት ቀኝ እጅ የሰውየውን ትከሻ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ወደ መጨባበጥ ወይም መተቃቀፍ ይወርዳል። ትከሻውን የነካውን እጅ ሊጨብጥ የሚሞክር ሰው አየር ይጨብጣል፤ እጁ እስኪወርድ ይጠበቅ።

#15 · ዱባይ መንገድ
@የሻንጣ ጌታ ባሕረ ሰላጤውን ዘለልከው። ኤምሬትስ፣ ኦማንና ኳታር ላይ ወንዶች አፍንጫ ለአፍንጫ ያነካካሉ። ጉንጭ አስቦ የቀረበ ሰው ሳያውቀው ጎን ለጎን ያልፋል። የአፍንጫው ንክኪ እጅ እንደተጨበጠ፣ ፊት ለፊት፣ ጭንቅላት ሳይዘነብል ነው፤ በጣም ቀላል፣ ግፊት የሌለው። ሳውዲ ላይ ለታላቅ ሰው ግንባር ወይም ትከሻ ይሳማል፣ ለእኩያ ጉንጭ። እንግዳ የሆነ ሰው እነዚህን አንዱንም መጀመር አይጠበቅበትም። እጁን ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ባለቤቱ ከሳበው ይሂድ። ጭንቅላቱን ቀድሞ ካዘነበለ ነው የሚበላሸው፣ ምክንያቱም ለአፍንጫ የመጣው ሰው ዓይኑን ያገኛል።

#16 · መንገደኛ
አሳሳሙ የሰዎቹን ማዕረግ የሚናገርበት ነገር በጥንትም ነበረ?

#17 · ቆሎ ተማሪ
ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በመጀመሪያው መጽሐፉ የጥንት ፋርሶችን ሲገልጽ ይህንኑ ነው የሚለው። ሁለት እኩዮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከንፈር ይሳሳማሉ፣ አንዱ በትንሹ ዝቅ ካለ ጉንጭ፣ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ መሬት ላይ ወድቆ ይሰግዳል። ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ማን ከማን እንደሚበልጥ ሳይጠይቅ ያውቃል። የእኛን ጉንጭ፣ እጅ፣ ጉልበት ደረጃ አስቡበት፤ ያው መሰላል ነው፣ ቁመቱ ቢለያይም።

#18 · ቀጭን መስመር
የሶቪየቱ መሪ የብሬዥኔቭና የምሥራቅ ጀርመኑ የሆኔከርስ? ከንፈር ለከንፈር ሲሳሳሙ የሚታዩበት ያ ፎቶ፣ ሰላምታ ነው?

#19 · የሻንጣ ጌታ
ሰላምታ ነው፣ የፖለቲካ ሰላምታ። የሶሻሊስት አገሮች መሪዎች ወንድማማችነታቸውን የሚያሳዩበት መተቃቀፍና ሦስት ጊዜ መሳሳም ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉንጭ ላይ። በጣም የተቀራረቡት አንዳንዴ ወደ ከንፈር ያልፉት ነበር። ፎቶው የተነሣው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1979 ምሥራቅ በርሊን ላይ፣ የምሥራቅ ጀርመን 30ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ሩስያዊው ሠዓሊ ዲሚትሪ ቭሩቤል እ.ኤ.አ. በ1990 በበርሊን ግንብ ላይ ሳለውና ዓለም ሁሉ አወቀው፤ በ2009 ደግሞ እንደገና ሥሎታል። ሥዕሉን አይተው «ሩስያ ወንዶች ሲገናኙ እንዲህ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ ተራ ሩስያዊ ወንድ ለወንድ ይጨባበጣል።

#20 · ነጭ ጋዋን
የጤናውን ማንም አላነሣም። ጉንጭ ለጉንጭ ራሱ፣ ቆዳ ለቆዳ ሆኖ፣ ብዙ አያስተላልፍም። አደጋው ፊት ለፊት ከመቅረቡ ነው። ትንፋሽ፣ ሳል፣ ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ። ከንፈር ላይ ምች የወጣበት ሰው እስኪደርቅና ቅርፊቱ እስኪወድቅ ማንንም ባይስም ጥሩ ነው። ምቹን የሚያመጣው የኸርፐስ ቫይረስ በንክኪ ይተላለፋል፤ አራስ ሕፃን ላይ ሲደርስ ሕይወት እስከ መቅጠፍ ይደርሳል። ስለዚህ አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው አባትየውን ይሳም፣ ሕፃኑን ይተው።

ታሪኩም ረጅም ነው። ሮማዊው ጢባርዮስ ቄሣር የየዕለቱን የስሞሽ ሰላምታ በአዋጅ ከልክሎ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ ጽፏል። ሌላው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ በዚያው መቶ ዓመት ከአገጭ የሚጀምር የፊት የቆዳ በሽታ ሮም ገብቶ፣ በመኳንንቱ መካከል በስሞሽ እንደተዛመተ ይናገራል። ሁለቱን ያገናኙት የኋላ ሰዎች ናቸው፤ ስዌቶኒየስ ራሱ ምክንያቱ በሽታው ነው አላለም። በእኛ ዘመን ኮሮና ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የፈረንሳይ ጤና ሚኒስትር ሰው መጨባበጥንም ጉንጭ መሳሳምንም እንዲተው መክረው ነበር። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ሲገኝ ጉንጩ ቆመና እጅ መንሣት ተመለሰ፤ እጅ ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ። ታሞ ላለመሳም የፈለገ ሰው አሁንም ያንኑ ያድርግ። «ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ ቀድሞ መናገር ይበቃል፤ ሳይናገሩ ፊትን ማዞር ነው የሚያስቀይመው። መናገሩም ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ነው፣ እጁ ከተያዘ በኋላ ሲሆን ረፍዷል።

#21 · የጎረቤት ልጅ
ስለ መነጽር፣ ጢምና ኮፍያ አንድ ሰው ይጻፍ እንጂ። ግማሹ ችግር እሱ ነው።

#22 · አናጢው
መነጽር፦ ሁለቱም ካደረጉ የክፈፉ ጥግ ከጥግ ይያያዛል። ጉንጭ ዝቅ ብሎ፣ ወደ መንጋጋው ተጠግቶ ይነካ፣ ቅንድብ በኩል አይሂድ። መነጽር ማውለቅ አያስፈልግም፤ ሰውየው እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ መነጽር ማጠፍ ሰላምታውን ያቀዘቅዘዋል።

ኮፍያ፦ ፊት ለፊት ጥላ ያለው ከሆነ ይውለቅ። ጥላው የሌላውን ግንባር ይወጋል፣ ኮፍያውም ይወድቃል። ለታላቅ ሰው ማውለቁ ክብርም ነው።

ጢም፦ አዲስ የተላጨና የሁለት ቀን ጢም ያለው ሰው ሲገናኙ የተላጨው ይጎዳል። ጢም ያለው ጫን ባይል ጥሩ ነው።

ቁመት፦ ረጅሙ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ይበል። ከወገብ ካጎነበሰ የጭንቅላቱ አናት ቀድሞ ይደርሳል። አጭሩ በእግር ጣቱ አይቁም፣ ሚዛኑን ሲስት የሚደገፈው ያንኑ የሚስመውን ሰው ነው።

ጋቢ የለበሰ ሰው ቀኝ እጁን ቀድሞ ያውጣ። ጋቢው ውስጥ እጅ እየፈለጉ ጉንጭ ማቅረብ ሁለቱንም ያጠላልፋል፣ አንዳንዴም ጋቢው መሬት ይወርዳል።

#23 · ደሴ ዳር
@አናጢው ላቡ የሚንቆረቆር ሰውስ?

#24 · አናጢው
ትከሻ ይስጥ።